ከመዶሻ ወደ ምስክር ወረቀት፤ የተጋጩ ውድ መኪናዎች እድሳት አጭር ታሪክ

ተጋጭቶ ከታደሰ መኪና ባለቤቱ ሊያይ የሚችለው ቀለሙን ብቻ ነው። ከቀለሙ በታች ያለው ብየዳና የአጥንቱ ልክ ከዓይን የተሰወረ ነው። ለዚህ ለተሰወረ ሥራ ማን ይመስክር? የሚለው ጥያቄ የእድሳቱን ሙያ ታሪክ ሲከተለው ኖሯል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ምስክርነቱ ከባትላሜራው እጅ ወጥቶ ወደ መኪና ሠሪው ኩባንያ እንዴት እንደ ተዛወረ፥ ከዚህም ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንደ ተገኘ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ኩባንያ ይሸጥ የነበረው ሞተሩንና ሻንሲውን ነበር። ገዢው ይህን ይዞ እንደ ሁፐር ወይም እንደ ባርከር ወዳሉት ሠረገላ ሠሪዎች ይሄዳል፤ እነርሱም በእንጨት ማገር ላይ ላሜራ እየለበጡ ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉትን አካል ይሠሩለታል። ስለዚህ ቦዲው ለመኪናው እንደ ልብስ ነበር ማለት ይቻላል። ሲጎዳ ቀጥቅጦ የሚያቃናው ያው የሠራው ወይም እርሱን የመሰለ ሙያተኛ ነው፤ ዋስትናውም የሙያተኛው ስም ነው። ፋብሪካው ራሱ ስላልሠራው አካል የሚሰጠው ምስክርነት አልነበረም።

ይህን ሁኔታ የለወጠው በተለይ የግጭት ጥናት ነው። በዳይምለር ቤንዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ በ1951 ዓ.ም. ለአዲስ ሐሳቡ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሐሳቡም መኪናው ከፊትና ከኋላ አስቀድሞ በታሰበው መንገድ ተጨማዶ የግጭቱን ኃይል እንዲውጥ፥ ሰው የሚቀመጥበት መካከለኛው ክፍል ግን ጸንቶ እንዲቆይ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የወጡት የመርሴዲስ ቤንዝ 220 መኪናዎች በዚህ ሐሳብ ተሠሩ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኩባንያው በዚንደልፊንገን የመጀመሪያውን የግጭት ፈተና አደረገ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ሮልስ ሮይስ ራሱ፥ ሲልቨር ሻዶው በተባለው መኪናው፥ ሻንሲና ቦዲ አንድ ሆነው የተበየዱበትን አሠራር ተቀበለ። ከዚህ በኋላ ቦዲው ልብስ መሆኑ ቀርቶ አጥንትና ጋሻ ሆነ። የታጠፈውን ብረት በእሳት አሙቆ ያቃና ሰው መልኩን ሊመልሰው ይችላል፤ በሁለተኛው ግጭት ጊዜ ግን ብረቱ ፋብሪካው ባሰበው ቦታና ልክ ላይታጠፍ ይችላል።

የሚሠራበት ነገር ሲለወጥ ችግሩ ይበልጥ ከበደ። አውዲ በ1994 ዓ.ም. ኤ8 የተባለውን መኪና አጥንቱን በአሉሚኒየም ሠርቶ አወጣ፤ ጃጓርም በ2003 ዓ.ም. ኤክስጄ የተባለውን የአሉሚኒየም መኪና በሪቬትና በማጣበቂያ አያያዘው። አሉሚኒየምና ብረት ርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፥ የብረት ብናኝ የነካው መሣሪያ ለአሉሚኒየም እንዳይውል ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ከመከላከያው ጀርባ የተተከለው ራዳር አቅጣጫው ጥቂት ቢዛነፍ ርቀትን አሳስቶ ሊያነብ ይችላል። ይህን ሁሉ የሰለጠነ ዓይንና መዶሻ ብቻውን አይደርስበትም።

ስለዚህ ዕውቀቱን የሚያከማቹ ድርጅቶች ተነሡ። በእንግሊዝ አገር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1969 ዓ.ም. በታቻም የጥገና ምርምር ማዕከል አቋቋሙ፤ በአሜሪካም በ1979 ዓ.ም. አይካር የተባለው የሙያ ማሠልጠኛ ድርጅት ተመሠረተ። ውድ መኪና ሠሪዎች ደግሞ ከዚህ አልፈው ራሳቸው ጋራዦችን መርምረው የምስክር ወረቀት ይሰጡ ጀመር። ወረቀቱን የሚሻ ጋራዥ ሠራተኞቹን ያሠለጥናል፤ የታዘዘውን መሣሪያ ይገዛል፤ ብየዳው ይፈተናል፤ በየጊዜውም ይመረመራል።

የዚህን አስፈላጊነት ከውድ መኪናዎች ወገን ያልሆነ አንድ መኪና ያስረዳናል። በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፥ የ2010 ሞዴል የሆነች ሆንዳ ፊት ጣሪያዋ በበረዶ ተጎድቶ ሲለወጥ፥ ሆንዳ ያዘዘው ብየዳ ቀርቶ በማጣበቂያ ተያያዘ። መኪናዋን በኋላ የገዙት ባልና ሚስት ይህን አያውቁም ነበር። በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት ሁለቱም ክፉኛ ተጎዱ፤ በ2017 ዓ.ም. የዳኝነት ሸንጎው በጋራዡ ላይ 31.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ሸፍኖት ነበር።

ነገር ግን ሌላውን ወገን ሳናይ ብናልፍ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። አንዳንድ ውድ መኪና ሠሪዎች ዋና ዋናዎቹን የአጥንት ክፍሎች ወረቀት ለሌለው ጋራዥ አይሸጡም። መሣሪያውም ውድ ስለሆነ ችሎታ ያለው ትንሽ ጋራዥ በገንዘብ እጦት ብቻ ከሥራው ሊወጣ ይችላል፤ ባለመኪናውም ዋጋ የሚያወዳድርበት ቦታ ያጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ሠሪዎች የጥገና መግለጫቸውን ለግል ጋራዦችም እንዲሰጡ ማዘዙ፥ የማሳቹሴትስ ሕዝብም በ2012 ዓ.ም. ተመሳሳይ ሕግ በድምፁ ማጽደቁ ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው።

እንግዲህ ከታሪኩ እንደምንረዳው ምስክር ወረቀቱ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ፈተና ሲሆን ሁለተኛው ምስጢር ነው። ፈተናው የሰውን ሕይወት ስለሚጠብቅ ሊጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባውም። ምስጢሩ ግን የሚጠብቀው በይበልጥ የኩባንያውን ገበያ ነው። የብየዳው ልክና የአጥንቱ መለኪያ ለማንኛውም ሙያተኛ ተገልጦ፥ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ወረቀቱን ቢያገኝ፥ ከቀለሙ በታች ላለው ሥራ የታመነ ምስክር ይገኛል ብለን እናምናለን።