ከቴሌ አግዳሚ እስከ ሳሎን

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። ለእኛ ለሀብሩ ወረዳ ልጆች ግን ለብዙ ዘመን ስልክ ማለት ወልድያ ቴሌ ነበር። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ለሠራተኛዋ ሰጥተን አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ረጅም ጥበቃ ነው። «አዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር ግባ!» ስትል ጠባቧ ክፍል ገብተን፣ አንድ ጆሯችንን በመዳፋችን ይዘን እንጮሃለን። ጋብቻውም ዕዳውም ለወረፋተኛው ሁሉ ይሰማል፤ ለወሬኛ እንደዚያ የተመቸ ቦታ አላየሁም።

ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ሲጀመሩ መነሻቸው አዲስ አበባ ነበር፤ እኛ ዘንድ ዘግይተው ደረሱ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ሲገባ ኔትወርኩም ጠፋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 የዘመድ ወሬ የምንሰማው በእግር ከመጣ ሰው ነበር።

አሁን መርሳ ቤቴ ራውተር ገብቷል። ልጄ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ፓስወርድ ሲያይ «አባዬ፣ ይኼ ቶሎ ይቀየር» አለኝ፤ ቀየርነው። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩ ጓዳ አይደርስም። ልጄ ራውተሩ ከፍ ብሎ ይሰቀል ይላል፣ እናቱ ቡፌው ላይ ትላለች።