ከደጅ ጥናት እስከ ማመልከቻ

ሰንጋ ተራ በስሙ እንደሚመሰክረው የሰንጋ መሸጫ ነበረ። ገዢው የከብቱን ጥርስ አይቶ፥ ሻኛውን ዳስሶ ዋጋ ይቈርጣል። ዛሬ በዚሁ ስፍራ ታላላቅ የባንክ ሕንጻዎች ቆመዋል፤ በጧት በየበራፋቸው የሚታየውም ፋይል በብብቱ የያዘ ወጣት ነው። ባለፈው ሰሞን በዚያ ስናልፍ፥ በአገራችን እንጀራ መፈለግ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ማሰብ ግድ ሆነብን።

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ሥራ ማለት ሹመት ነበረ፤ ሹመትም የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበረ። ፈላጊው ስንቁን ቋጥሮ ከአገሩ ይመጣና ከመኰንኑ ወይም ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ይሰነብታል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲገባም እጅ ይነሣል። አጋፋሪውን ይለማመጣል፤ አማላጅ ይልካል፤ ቢቻለው እጅ መንሻ ያቀርባል። በዚህ ሁኔታ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ።

የዛሬ ሰው ይህን ሥርዓት ጉቦና ስንፍና ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። እኛ ግን እንዲህ ብቻ ነበረ አንልም። የትምህርት ማስረጃ በሌለበት ጊዜ የሰው ትዕግሥቱ፥ አነጋገሩና ታማኝነቱ የሚፈተነው ከደጅ ቆሞ ነው፤ ጌታውም የሚሾመውን ሰው በዐይኑ አይቶ ያውቀዋል። ሆኖም ጉዳቱ ይበልጥ ነበረ። ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢሆን፥ ስንቅና ዘመድ የሌለው ሰው ከደጁ ሳይደርስ ይቀራል። የተሾመውም ቢሆን በወር ደመወዝ የሚኖር አልነበረምና ኑሮው ከሚያዝበት ሕዝብ ላይ ነበረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ፥ አዲስ ዐይነት ሰው የሚፈለግበት በር ተከፈተ። ሚኒስቴር ያለ መዝገብ፥ መዝገብም ያለ ጸሐፊ አይሆንምና። መጀመሪያ ቦታውን የያዙት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ ከምኒልክ ትምህርት ቤት፥ ከ1917 ዓ.ም. ወዲህም ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የውጭ አገር ቋንቋ የተማሩ ወጣቶች ተጨመሩ። ይህ ጅምር ገና ሥር ሳይሰድ ጠላት ገባ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የተማረው ወጣት ተለይቶ እየታደነ ተገደለ። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ወንበሩ ነበረ፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን ጥቂት ነበረ።

በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 ወጣ። በሰንጋ ተራ የታወቀውና ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሆነው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም የተቋቋመው በዚያው ዘመን ገደማ ነው። ሁለቱን አያይዘን የምናያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ መሥሪያ ቤቱን ሲያቋቁም፥ ሌላው መሥሪያ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰውን እጅ አሠለጠነ። የሒሳብ አያያዝ፥ አጭር ጽሕፈትና የጽሕፈት መኪና ይማሩበት ነበረ። የመንግሥት ባንክ፥ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው አየር መንገድ፥ ከዚያም የአውራ ጎዳናና የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይህን ሙያ ይሹ ነበር። የጽሕፈት መኪና ደግሞ ዘመድ አያውቅም። በደቂቃ ስንት ቃል ያለ ስሕተት እንደ ተጻፈ ሲቈጠር፥ የደጃዝማቹም ልጅ የገባሩም ልጅ በአንድ ወረቀት ይለካሉ።

በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፥ ቅጥር በችሎታ፥ ዕድገትም በደረጃ እንዲሆን በሕግ ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ደጅ ጥናት ከደጅ ወደ ኮሪዶር ገባ እንጂ አልጠፋም። «ፋይሌ የት ደረሰ?» እያለ በየቢሮው የሚመላለሰውን ሰው የማያውቅ ማን ነው? በደርግ ዘመን መንግሥት ምሩቃንን ራሱ እየመደበ ያሠራ ስለ ነበረ ጭንቀቱ ለጊዜው ጋብ ብሎ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሲቀር ግን ወጣቱ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳና ወደ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾች ዞረ።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ ወደ ሥራ ለገባነው ለእኛስ ሌላ በር ተጨምሯል፤ እሱም ዲግሪ ነው። ሥራውን ዐሥር ዓመት የሠራ ሰው፥ ያንኑ ሥራ ያስተማረውን ወጣት አለቃው ሆኖ ያገኘዋል። ቅር አያሰኝም አንልም። ቢሆንም ከአጋፋሪ ፊት ከመለማመጥ ይልቅ ከማታ ትምህርት ወንበር ላይ ማንቀላፋት እንደሚሻል እናምናለን፤ ሁለቱንም ያየ ሰው ይፍረድ።

በዚያ ጧት ከአንዱ ሕንጻ በር ላይ አንድ ወጣት ማመልከቻ የት እንደሚሰጥ ጥበቃውን ሲጠይቅ ሰማን። «በእጅ አንቀበልም፥ ወንድሜ፤ በኢንተርኔት ነው» አለው። ወጣቱ አመሰገነና ፈቀቅ አለ። ከቀትር በኋላ በዚያው መንገድ ስንመለስ ግን ፋይሉን እንደ ያዘ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ አንድ መኪና ሲወጣም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።