ኔትወርክ ስዊች፦ ለአነስተኛ ቢሮ አመራረጥ

ኔትወርክ ስዊች በአንድ ቢሮ ያሉ ኮምፒውተሮችን፣ ፕሪንተሮችንና ካሜራዎችን በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ቀዳሚው ሀብ በአንዱ ፖርት የገባለትን ዳታ ለሁሉም ይበትን ነበር፤ ስዊች ግን በየፖርቱ የተሰካውን ዕቃ መለያ ቁጥር (ማክ አድራሻ) እየመዘገበ ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። የመጀመሪያውን የኤተርኔት ስዊች በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የካሊፎርኒያው ካልፓና ሲሆን፣ ኩባንያውን በ1994 ሲስኮ ገዝቶታል።

ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ለተራ ቢሮ ጊጋቢት ይበቃል። በፖርት ቁጥር መሰሰት ግን አያዋጣም። ስድስት ሠራተኛ ላለው ቢሮ ባለ 8 ፖርት የሚተርፍ ይመስላል፤ ራውተሩ፣ ፕሪንተሩና ዋይፋዩ አንዳንድ ሲይዙ ግን ዘጠኝ ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒኦኢ በሚባለው፣ በዳታ ኬብሉ ኤሌክትሪክም በሚልከው ስዊች ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው በፖርት 30 ዋት የሚለው ነው፤ መታየት ያለበት ግን ጠቅላላ ጣሪያው ነው። ጣሪያው 60 ዋት በሆነ ስዊች ላይ ስምንት ካሜራ ተሰካ እንበል። ቀን እያንዳንዱ 5 ዋት ሲወስድ ድምሩ 40 ነው። ሲመሽ ኢንፍራሬድ መብራታቸው ይበራና እያንዳንዱ 9 ዋት ይፈልጋል፤ 72 ሆነ። ስዊቹ ሁለቱን ያጠፋል፣ ያውም ጥበቃው በሚፈለግበት ሰዓት። ጠዋት ባለሙያ ሲጠራ ሁሉም ደህና ይሠራል።

ተሰክቶ የሚረሳው አንማኔጅድ ስዊች ርካሽ ነው፤ ማኔጅዱ ግን የእንግዳውን ዋይፋይና የሂሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ኔትወርኩን በሚከፋፍለው ቪላን ይለያል። ሉፕም ይከላከላል። ወለል ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ ያየ ቅን ሰው ባዶ ፖርት ላይ ይሰካዋል፤ ሌላው ጫፍ ለካ እዚያው ስዊች ላይ ነው። ዳታው እየተባዛ ይሽከረከራል፣ የፖርቶቹ መብራት ሁሉ ባንድነት ይርገበገባል፣ ቢሮው ሥራ ያቆማል። ሉፕ የሚያውቅ ስዊች ያን ፖርት ብቻ ይዘጋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ስዊቹና ራውተሩ አንድ የመጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ) ላይ ይሰካሉ፤ አለዚያ ላፕቶፑ በባትሪ ቢሠራም ኔትወርክ የለውም።