ምትኬ፦ ከሐዘን በፊት የሚወለደው

ልጅ ሞቶበት የነበረ ቤት ቀጥሎ የተወለደለትን ምትኩ ወይም ምትኬ ብሎ ይሰይማል። ካሳ፣ ተካ፣ ማስረሻም ከዚያው ከሐዘን ጓዳ የወጡ ስሞች ናቸው። እኛ ላስታ ውስጥ አንድ ምትኩ የሌለበት ቀበሌ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የስልካችሁን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀይራችሁ ቅንብሮች ውስጥ ብትገቡም ይኸው ስም ይጠብቃችኋል፤ አንድሮይድ «ባክአፕ» የሚለውን ቃል የተረጎመው «ምትኬ» ብሎ ነው።

ባክአፕ ዋናው ፋይል ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም ሲሰረቅ ሥራው እንዳይቆም አስቀድሞ ተገልብጦ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ነው። «አስቀድሞ» እና «ሌላ ቦታ» በሚሉት አስምሩባቸው።

የግቢ ተማሪ «ባክአፕ አድርገሃል?» ይላል እንጂ ተርጉሞ አይጠይቅም። በጽሑፍ ሲሆን ግን ቃል መምረጥ ይመጣል። «ቅጂ» ብቻውን አይበቃም፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ የተደገመ ፋይልም ቅጂ ነው፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅ ግን አብሮ ይሄዳል። «መጠባበቂያ ቅጂ» ደህና ነው፤ መጠባበቂያ በጀት፣ መጠባበቂያ እህል ከምንለው ጋር ይስማማል፣ ይሁንና የቢሮ ደብዳቤ ደብዳቤ ይላል። ሾፌሮቻችን ከጣሊያን የወረሷት «ስኮርታ» ለነገሩ ትቀርባለች፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ያለ ስኮርታ ጎማ መንቀሳቀስ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ለ«ምትኬ» እፈርዳለሁ። ሰዋስዉ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ቃሉ ራሱ «የእኔ ምትክ» ማለት ስለሆነ «ምትኬህ» ስንል ባለቤቱ ሁለት ይሆናል። ቢሆንም ስልኩ ለምዶታል፣ ቃሉም የሚጠፋ ነገር እንዳለ ያስታውሳል። አንድ ልዩነት ብቻ ይያዝልኝ። የሰው ምትኬ የሚወለደው ከሐዘን በኋላ ነው፤ የፋይል ምትኬ ከሐዘኑ በፊት ካልተወለደ ጨርሶ አይወለድም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ደርሶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የምጽፈው በቀጥታ ፍላሽ ላይ ነበር። የላብ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው ሲበሩ የተጻፈባቸውን ሁሉ ስለሚያጸዱ አብዛኞቻችን እንዲያ እናደርግ ነበር። ለገና ቤት መጥቼ፣ ፕሪንት ላስደርግ ላሊበላ ውስጥ አንድ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ፍላሹን ሰካችው። ፎልደሮቼ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል።

«ወንድሜ፣ ቫይረስ ነው፤ አንዱንም እንዳትነካ» አለችኝ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ «አትሪብ» የምትባለውን ትእዛዝ ጻፈች። የሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በቦታው የራሱን ወጥመድ ያስቀምጣል። ተማሪው ፋይሌን ከፈትኩ ብሎ ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባዋል። ትእዛዟ የተደበቀውን ትገልጣለች። ምዕራፍ አንድ ወጣ፣ ምዕራፍ ሁለት ወጣ። ምዕራፍ ሦስትም ወጣ፤ ሲከፈት ግን ገጹን የሞላው ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር።

«ሌላ የት አለህ?»

የለኝም አልኳት። ምንም ሳትል ፍላሹን ነቅላ ሰጠችኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለችኝ።

በሙያው ያሉ ሰዎች «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ነው። ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ይራቅ ማለት ነው። ለተማሪ ብዙ ወጪ የለውም። ዋናው ላፕቶፑ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ በሚቀመጥ ፍላሽ ላይ፤ ይህ ፍላሽ ኮፒ ቤት ደጃፍ አይድረስ፣ ለኮፒ ቤት የሚዞረው ሌላ ይሁን። ሦስተኛው ወደ ኢንተርኔት ይላክ። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ቴሌግራም ላይ ፋይሉን ለራስ መላክም ይሠራል። ብቻ አካውንቱ የተንጠለጠለው በስልክ ቁጥራችሁ ላይ ስለሆነ ሲሙ ከጠፋ ጣጣ አለው፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል አስገቡበት።

ብዙ የውጭ መመሪያ እዚህ ላይ ሲደርስ ጉዳዩን ይዘጋል። ለእኛ አይዘጋም። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ላሊበላ መብራትም ስልክም የሌለባቸው ወራት አሳልፋለች። በዚያው ጦርነት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተሮችና ቤተ ሙከራዎች ተዘርፈዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ድራይቭ ላይ ያለው ፋይል አልጠፋም፤ ባለቤቱ ግን አይደርስበትም። ለመመረቅ ሁለት ሳምንት ለቀረው ልጅ ሁለቱ ያው ናቸው። ስለዚህ ለላስታ ተማሪ «ሌላ ቦታ» ሲባል አንዱ ያለ ኔትወርክ በእጅ የሚነካ ይሁን፦ ደሴ ያለች አክስት ጋ፣ ባሕር ዳር ያለ ወንድም ጋ፣ በመናኸሪያ የሚላክ አንድ ፍላሽ።

ይህን ዘዴ አባቶቻችን ለብራና ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1973፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በየደብሩና በየገዳሙ ዕቃ ቤት ያሉ መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል ፎቶ ተነሡ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ከእነዚህ መካከል አሉ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ገቡ። ፊልሙ አዲስ አበባ ብቻ ቢቀመጥ «ሌላ ቦታ» የሚለው ባልተሟላ ነበር፤ አንድ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ወደሚገኝ የመነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ተላከ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ተገደሉ፣ ጦርነት መጣ፣ ረሃብ መጣ፣ መጽሐፍ ሻጭና ሌባም መጣ። ዋናቸው ጠፍቶ ዛሬ በፊልም ብቻ የሚነበቡ መጻሕፍት አሉ። እነዚያን ፊልሞች ኮሌጅቪል ተቀምጠው አንድ በአንድ ሲመረምሩና ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፣ በ2021 አርፈዋል።

አሥራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ምትኬ የላቸውም፤ ዐለት ተፈልፍሎ አይገለበጥም። በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ተመልሷል። የተሰረቀ ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ማመሳሰል ምትኬ አይደለም። ስልክና ላፕቶፕ በድራይቭ ሲመሳሰሉ አንዱ ላይ የሰረዛችሁት ሌላውም ላይ ይሰረዛል። ድራይቭ የተጣለውን ፋይል ለ30 ቀን መጣያ ውስጥ ያቆየዋል፣ ከዚያ በኋላ የለም። የተበላሸ ምዕራፍም እንዲሁ በየቦታው ተመሳስሎ ይበላሻል። መድኃኒቱ ፋይሉን በየሳምንቱ በአዲስ ስም ማስቀመጥ ነው፤ ስሙም ቀን ይሁን። «ፋይናል»፣ «የመጨረሻ ፋይናል»፣ «እውነተኛ ፋይናል» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ያሉት ተማሪ አማካሪው የትኛውን እንዳረመለት አያውቅም።

ጎማው ሲፈነዳ ሾፌሩ ወርዶ ስኮርታዋን ሲያወጣት እሷም ተንፍሳ የምትገኝበት ጊዜ አለ። ያልተሞከረ ምትኬ ከዚያች አይሻልም። ቃሉ «ወደነበረበት መመለስ» ከሚባለው ጥንዱ ተለይቶ መጠራት የሌለበት ለዚህ ነው፤ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ መነበብ አለበት። የግዕዝ ፊደልን በዩኒኮድ መጻፍ ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ጽሑፎችን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ፋይሉ አለ፣ ይከፈታል፣ ፎንቱ ከሌለ ግን አማርኛው የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ይሆናል። ከወርዱ ፋይል ጎን አንድ ፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል።

የእኔን ምዕራፍ ሦስት ከማስታወሻ ደብተሬ ለቃቅሜ እንደገና ለመጻፍ 19 ቀን ፈጀብኝ፤ ከፊተኛው አነሰ እንጂ አልተሻለም። እናንተ ዛሬ ማታ፣ መብራት ሳይሄድ፣ የጓደኛችሁን ላፕቶፕ ተዋሱና ምትኬያችሁን ከፍታችሁ አንድ ገጽ አንብቡ።