ከብረት ድጋፍ ወደ ቁጭ ብድግ፦ የቴኒስ ተጫዋች ጉልበት ታሪክ



ሰሞኑን አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ቴኒስ ይጫወታል። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ቅልጥሙ ላይ እብጠት ወጥቶበታል፤ ሲነኩት ያመዋል፣ ሲሮጥና ሲዘል ይብስበታል። ቀደም ብሎ ያየው ባለሙያ «ለአንድ ዓመት ስፖርት የሚባል ነገር እንዳይነካ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ልጁ አቀርቅሮ ተቀምጧል። እናትየው ግን የያዙት ጥያቄ ሌላ ነበር። ልጁን «እስቲ ውጭ ጠብቀኝ» ብለው አስወጡትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ካንሰር ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

ካንሰር አልነበረም። ምን እንደነበር እነግራችኋለሁ። ነገር ግን «አርፈህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ካላወቅን ለምን እንደማይበቃም አይገባንም። ስለዚህ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1874 ዋልተር ዊንግፊልድ የተባለ ብሪታንያዊ መኮንን በሳር ላይ ለሚጫወቱት ቴኒስ የባለቤትነት መብት አወጣ። መረቡን፣ ራኬቱንና ኳሱን በሳጥን አሽጎ መሸጥም ጀመረ። በዓመቱ፣ በ1875፣ ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ሂው ኦወን ቶማስ የተባለ ሐኪም ስለ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። ቶማስ የወጌሻ ልጅ ነው። አዎ፣ ወጌሻ! ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረስ በመጣ ሙያ ስብራት ይጠግን ነበር፤ እሱ ግን ሕክምና ተምሮ የቤተሰቡን እጅ ከሐኪም ዕውቀት ጋር አጣመረ። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነበር፦ የታመመ መገጣጠሚያ ሙሉ፣ ያልተቋረጠና ረጅም ዕረፍት ያስፈልገዋል። ለዚህም እግርን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ሠራ።

ቶማስን ለመውቀስ አትቸኩሉ። በዚያ ዘመን መገጣጠሚያን ከሚያበላሹት በሽታዎች አንዱ የአጥንት ቲቢ ነበር። ፀረ ቲቢ መድኃኒት ገና አልተገኘም፤ ብዙ ጊዜ የነበረው ሌላው ምርጫ እግሩን መቁረጥ ነው። ለእነዚያ ሕመምተኞች ዕረፍት ትልቅ ሕክምና ነበር። የብረት ድጋፉም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭናቸው የተሰበረ ወታደሮችን ሕይወት አትርፏል። ስህተቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ለቲቢና ለስብራት የታዘዘው ዕረፍት፣ በጨዋታ ብዛት ለደከመ ጅማትም እንደዚያው ተሰጠ።

የልጃችን ሕመም ስም ያገኘው በ1903 ነው። ራጅ ከተገኘ ገና 8 ዓመቱ ነበር። ቦስተን ላይ ሮበርት ኦስጉድ፣ ዙሪክ ላይ ደግሞ ካርል ሽላተር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለየብቻቸው ይህንኑ እብጠት ገልጸው ጻፉ። እስከ ዛሬም ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከጉልበት ሎሚ ተነስቶ ቅልጥም ላይ የሚያርፍ ወፍራም ጅማት አለ። በልጅነት ጅማቱ የሚያርፍበት ቦታ ገና ያልጠነከረ፣ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ነው። ልጁ ቁመት በሚጥልበት ወቅት ብዙ ሲሮጥና ሲዘል ጠንካራው የጭን ጡንቻ ያንን ለጋ ቦታ ደጋግሞ ይጎትተዋል፤ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል። አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ እድገቱን ሲጨርስ ሕመሙም አብሮ ይቆማል። ጉብታው ግን ሊቀር ይችላል፤ በራሱ ጉዳት የለውም።

አዋቂዎች ዘንድ የሚታየው ሕመም ለየት ይላል። በ1973 ብላዚና የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን የጅማት ሕመም «የዘላዮች ጉልበት» አሉት። ቴኒስ ተጫዋች ሰርቭ ሲመታ ይዘላል፣ ኳስ ለመድረስ ሮጦ ድንገት ይቆማል፤ ባድሜንተን ተጫዋችም አንድ እግሩን አስረዝሞ ወደፊት ይወረወራል። ሰውነት በድንገት በቆመ ቁጥር ሸክሙን የሚቀበለው ይህ ጅማት ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ጅማቱ «ተቆጥቷል» ብለው ስላመኑ የቁጣ ማብረጃ ኪኒን፣ የኮርቲሶን መርፌና ዕረፍት ያዙ ነበር። ጅማቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የሚበዛው ቁጣ ሳይሆን የተዘበራረቀ፣ ጥንካሬውን ያጣ ክር ሆኖ ተገኘ። ክሩ ደግሞ ተቀምጦ አይጠነክርም።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ታሪክ ይመጣል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን ሯጭ ነበር፤ የተረከዙ ጅማት አላስሮጥ አለው። አለቃውን ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ቢጠይቅ አለቃው ከሥራ እንዲቀር አልፈለገምና እምቢ አለ። አልፍሬድሰንም «እንግዲያው ጅማቱ ይበጠስና ሳይወድ ያስተኛኛል» ብሎ ሆን ብሎ ሕመሙን የሚያባብስ ልምምድ ጀመረ፤ ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዙን ቀስ ብሎ ወደታች ማውረድ፣ በየቀኑ፣ ሸክም እየጨመረ። ጅማቱ አልተበጠሰም። ሕመሙ ጠፋ! በ1998 ይህንኑ ልምምድ በ15 ሯጮች ላይ ለ12 ሳምንት ሞክሮ ሁሉም ወደ ሩጫ መመለሳቸውን አሳተመ።

ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ ጉልበት ላይ ደረሰ። በ2004 ፐርደም የተባለ አውስትራሊያዊ ፊዚዮቴራፒስትና ባልደረቦቹ ተረከዝ ከፍ በሚያደርግ ዘቅዛቃ ጣውላ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ቁጭ ማለት ለዚህ የጉልበት ጅማት እንደሚጠቅም በትንሽ ጥናት አሳዩ። በ2006 ኖርዌይ ውስጥ ቀዶ ሕክምናን ከዚህ ልምምድ ጋር ሲያወዳድሩ ከዓመት በኋላ በውጤት ልዩነት አላገኙም። በ2009 ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ የኮርቲሶን መርፌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ልምምዱ ሲያሽል፣ በስድስት ወሩ ግን መርፌ የወሰዱት ወደኋላ ሲመለሱ ታየ። «ዶክተር፣ መርፌ ውጉኝና ልገላገል» ለምትሉኝ መልሴ እዚህ ጋ ነው።

ሜዳውም ታሪክ አለው። የአሜሪካ ኦፕን በ1978፣ የአውስትራሊያ ኦፕን በ1988 ወደ ጠንካራ ሜዳ ተዛወሩ። በቀይ አፈር ሜዳ ላይ እግር ትንሽ ተንሸራቶ ይቆማል፤ በጠንካራ ሜዳ ላይ ጫማው ይያዛል፣ ግፊቱም ወደ ጉልበት ይሄዳል። እኛ ዘንድ ልጆች የሚጫወቱበት ብዙው ሜዳ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ስለሆነ ይህን ልብ በሉልኝ።

ራፋኤል ናዳልን ታውቁታላችሁ። በ2009 የዊምብልደን ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ በሁለቱ ጉልበቶቹ ጅማት ምክንያት ዋንጫውን ሳይከላከል ቀረ። በ2012 ደግሞ ሰባት ወር ያህል ከሜዳ ራቀ፣ የለንደን ኦሎምፒክም አመለጠው። በ2013 ተመልሶ የፈረንሳይና የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ። የስፔኗ ባድሜንተን ተጫዋች ካሮሊና ማሪን ጉዳት ግን ሌላ ዓይነት ነው። የሪዮ 2016 ወርቅ ባለቤት ስትሆን በ2019 የቀኝ ጉልበቷ፣ በ2021 የግራው ጅማት ተበጠሰ። በፓሪስ 2024 ግማሽ ፍጻሜ እየመራች ሳለ ቀኙ እንደገና ከዳት፤ እያለቀሰች ወጣች። ይህ በውስጥ በኩል ጉልበትን የሚያጸና ጅማት ነው፤ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንዲት ቅጽበት ይበጠሳል። «ቷ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ቁጭ ብድግ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ልጃችን ልመለስ። ለእናትየው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ጨዋታው አይቆምም፣ ይቀነሳል። በሳምንት አምስት ቀን የሚጫወት ከሆነ ወደ ሦስት ይውረድ፣ በመሃል የዕረፍት ቀን ይኑረው። ሲጫወት ትንሽ ቢያመው አያስደነግጥም፤ እያነከሰ ከሆነ ወይም ሕመሙ እስከ ማግስቱ ጠዋት ከቆየ ግን በዝቶበታልና ቀንሱለት። የጭንና የዳሌ ጡንቻውን በፊዚዮቴራፒስት እየታገዘ ቀስ በቀስ ያጠንክር። ጫማው ያለቀ ከሆነ ይቀየር።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ የምትሄዱት ደግሞ እነዚህን ስታዩ ነው፦ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ሳይጫወትም የማይተው ሕመም፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ጉልበት መታጠፍ ወይም መዘርጋት ሲያቅተው። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በጉልበት ሕመም ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ካነከሰና ጉልበቱ ደህና ከመሰለ ዳሌው ይታይ። እኔም የዚህን ልጅ ዳሌ አይቻለሁ፤ ደህና ነው።

እናትየው ሄደው ልጁን ጠሩት። ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ነገ ልምምድ አለኝ፤ ልሂድ?» አለ።

«ሂድ» አልኩት፣ «ግን ግማሹን ብቻ።»