ሥዕለ ፍሰተ ደም

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ እስከ ገርጂና ቦሌ ባለው ሰፈር፣ «ኤምአርአይ» የሚለው ቃል ከሐኪም ቤት ሰሌዳ ወርዶ የቤተ ሰብ ወሬ ከሆነ ሰንብቷል፤ አባታቸው የዛሬ ጧቱን ረስተው የጥንቱን ብቻ የሚተርኩባቸው ልጆችም «አባባ ራሳቸውን ይታዩ» ብለው ተመካክረው ይወስዷቸዋል። ይሁን እንጂ በዚህ መሣሪያ የሚነሣው የተለመደው ሥዕል የአንጎልን መልክ፣ መኮማተሩንና የተጎዳውን ስፍራ ይገልጣል እንጂ፣ ደሙ ለእያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደሚደርሰው አይናገርም። ይህን የሚናገረውን ሌላውን ጥበብ «ሥዕለ ፍሰተ ደም» ብንለው ይስማማል፤ «ምስለ ፍሰት» ማለት የሚያምር ቢመስልም፣ በግእዝ «ምስለ» ማለት «ጋራ» ማለት ነውና የቅኔ ቤት ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የመርሳት በሽታውንም፣ «ጃጁ» ማለት አረጋውያንን ስለሚያቃልል፣ ሕማመ ዝንጋዔ እንለዋለን።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚፈጀው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ጤናማ በሆነ ጎልማሳ ዘንድም ለ100 ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይደርሰዋል። ኬቲና ሽሚት የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት ይህን ሲለኩ፣ ሰውየውን ጋዝ እያስተነፈሱ ከደም ሥሩ ደም መቅዳት ነበረባቸው። በ1992 ግን ዴትሬና ባልንጀሮቹ ካሳተሙት ዘዴ ተነሥቶ በዳበረው አሠራር፣ በአንገት በኩል ወደ ላይ በሚወጣው ደም ውስጥ ያለው ውኃ በማግኔት ኃይል ምልክት ይደረግበታል፤ ሁለት ሴኮንድ ያህል ተጠብቆም ሥዕል ይነሣል፤ ከዚያ ምልክት ያልተደረገበት ሥዕል ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። ልዩነቱ 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ ተደጋግሞ ይነሣል፤ ታማሚውም እስኪያበቃ ድረስ ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት።

አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፍሰቱ ያነሰበት ስፍራ በሥዕሉ ሲታይ፣ ወይ የነርቭ ሕዋሳቱ ሞተው ደም መጠየቅ ትተዋል፣ ወይ ሕዋሳቱ እየጠየቁ ደም ቅዳዎቹ ማቅረብ ተስኗቸዋል፤ ሥዕሉ ሁለቱንም በአንድ ጥላ ያሳያልና ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይችልም። የደም ሥር ምስክርነቱ ጎልቶ የሚሰማው በደሙ መዘግየት ነው፤ ቧንቧው በጠበበበት ወይም በደነደነበት አረጋዊ፣ ምልክት የተደረገበት ደም ሁለቱ ሴኮንድ ሲያልፍ ገና በመንገድ ላይ ስለሚገኝ፣ ቧንቧዎቹ በርተው የአንጎሉ ሥጋ ጨልሞ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ዘግይቶ የሚደርሰውን ደም ጭራሽ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ሕዝባችን «ደም ብዛት» የሚለው ሕመም ጥቃቅኖቹን ቧንቧዎች አደንድኖ ለአንጎል የሚደርሰውን ደም የሚያሳንስ መሆኑ፣ ከስሙ ጋራ ሲተያይ የሚያስገርም ነው፤ ስለዚህ ከሥዕሉ አጠገብ የግፊቱ ልክና የስኳሩ ውጤት ተጽፎ ካልቀረበ፣ እንደ እኔ አሳብ ሥዕሉ ግማሽ ንባብ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለ፤ ቡና የአንጎልን የደም ፍሰት በግልጽ ይቀንሳልና፣ አቦልና ቶናውን ጠጥተው የመጡ እማማ ወደ መሣሪያው ከመግባታቸው በፊት መቼ እንደጠጡ ሊጠየቁ ይገባል።

ከፍታም እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 «ስትሮክ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ3,622 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የአንጎል ደም ፍጥነት በድምፅ ሞገድ ለክቶ፣ ለኦክስጅን ማነስ የሚሰጡት ምላሽ ከፔሩ ደገኞች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ በቆላ አገር ሰዎች የተወሰነውን ልክ ለቦሌ አረጋዊ እንዳለ ከመጥቀስ በፊት፣ ጤናማ የሆኑ የዚሁ ከተማ ሽማግሌዎች ፍሰት ተለክቶ ሊቀመጥ ይገባል።