ከገበጣ እስከ ቪዲዮ ጌም፦ የጨዋታ ሕግ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

1. የጥናቱ ጉዳይ

ስለ ጨዋታ ታሪክ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ የቀልድ ሥራ መስሎ ይታየው ይሆናል። ጨዋታ የልጅና የሥራ ፈት ነገር ነው የሚለው አስተያየት በአገራችን የተለመደ ስለ ሆነ፣ የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንጂ ስለ ጠጠርና ስለ ጉድጓድ ይጽፋል ተብሎ አይጠበቅም። ይሁን እንጂ ማንኛውም ጨዋታ ሕግ አለው፤ ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ታሪክ አለው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የጨዋታ ሕግ ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣው ያደረገን ምክንያት እንደሚከተለው ነው። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በጭሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶም ጨዋታ ከመሬት ወደ መስተዋት በመሸጋገር ላይ ይገኛል። ዳማ በቆርኪ መጫወት፣ በጆተኒና በከረንቡላ ዙሪያ መሰብሰብ ገና ባይቀርም፣ ወጣቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል፤ ስልኩንም በኪሱ ይዞ ይዞራል። በመስተዋቱ ላይ የሚያየው ጨዋታ ግን አብዛኛው በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ሕግ የተሠራ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በአዲስ አበባ ራሳቸውን ችለው ቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተነሥተዋል። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ጌም ሠሪ ከአገሩ ምን ይወስዳል? ምንስ ትቶ ያልፋል?

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ጌም ሠሪዎች ስለ ሙያቸው የሚናገሩት

ራሱን የቻለ ጌም ሠሪ የምንለው፣ የትልቅ ኩባንያ ቅጥር ሳይሆን ብቻውን ወይም ከጥቂት ጓደኞቹ ጋራ በገዛ ዐሳቡ የሚሠራውን ሰው ነው። እንዲህ ያሉት ሰዎች ስለ ሙያቸው በሚጠየቁበት ጊዜ ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ «ይህን ዐሳብ ከየት አገኘኸው?» የሚል ነው። የታወቁትን መልሶች ብናስተያያቸው በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ከሌላ ጨዋታ ይወስዳል። ስዊድናዊው ማርከስ ፔርሰን በ2009 ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ አሜሪካዊው ዛካሪ ባርዝ በዚያው ዓመት የሠራው ኢንፊኒማይነር መነሻ እንደ ሆነለት በግልጽ ተናግሯል። ሁለተኛው ወገን ካደገበት አገር መልክ ይወስዳል። ጃፓናዊው ሺገሩ ሚያሞቶ ምንም እንኳ የኩባንያ ሠራተኛ ቢሆን፣ በ1986 የወጣው ዘልዳ የተባለው ጨዋታው በልጅነቱ በኪዮቶ አቅራቢያ በሜዳና በዋሻ ይዞር ከነበረበት ትዝታ እንደ ተነሣ ተናግሯል። ሦስተኛው ወገን ከኑሮ ሥርዓት ውስጥ ሕግ ያወጣል። ጃፓን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ሉካስ ፖፕ በየጉዞው ፓስፖርቱን ሲመረምሩት የድንበር ጠባቂውን ሥራ አስተውሎ፣ በ2013 ተጫዋቹን ራሱን የኬላ መርማሪ የሚያደርግ ጨዋታ ሠራ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ወረቀት መመርመር፣ ማሳለፍና መከልከል የታሪኩ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የጨዋታው ሕግ ራሱ ናቸው። በአዋሽ መንገድ የሚመላለስ የምዕራብ ሐረርጌ ተማሪ ኬላ ምን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፣ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጌም ሠሪ ከአካባቢው ሦስት ነገር ሊወስድ እንደሚችል ነው፤ ይኸውም ሥዕል፣ ታሪክና ሕግ ነው። ሥዕሉን መውሰድ ቀላል ነው፤ ጎጆውን፣ ተራራውንና ልብሱን አይቶ መሣል ይበቃል። ሕጉን መውሰድ ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሕግ በዐይን አይታይም፤ ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቆ መማርን ይጠይቃል።

3. ጨርጨርና የተውሶ ጥበብ

ከውጭ የመጣን ጥበብ ከአገር ነገር ጋራ የማጋጠም ጥያቄ በቪዲዮ ጌም የተጀመረ አይደለም። የጨርጨር ታሪክ ራሱ አንድ ምሳሌ ይሰጠናል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው፣ አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው ግዛቱን ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ለማደራጀት የደከሙ ሰው መሆናቸው የታወቀ ነው። ወጣትነታቸውን በሩሲያ ያሳለፉት እኒህ ሰው ወደ ጨርጨር ከመሄዳቸው በፊት፣ በ1921 ገደማ፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት ጽፈዋል። ይህም የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ሆኖ ይቆጠራል። የድርሰቱ ቅርጽ የተውሶ ነበር፤ ቴአትሩ ከአውሮፓ፣ የሚናገሩት አውሬዎችም ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች የመጡ ነበሩ። ነገር ግን በአውሬዎቹ አፍ የተነገረው ነገር የአገራችንን የአስተዳደር ጉድለት ስለ ነካ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቅርጽን ከውጭ መዋስ በራሱ ነውር አይደለም፤ የተዋሰ ቅርጽ የአገርን ጉዳይ እስከ መታገድ ድረስ በኀይል ሊናገር ይችላል። ሁለተኛ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የአውሮፓን የመድረክ ድርሰት ሲዋሱ፣ በእርሱ ቦታ የሚተካና የሚጠፋ የአገር የመድረክ ድርሰት አልነበረም። የጨዋታ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ እዚህ የራሳችን ሕግ አለን፤ የተዋስነውም በእርሱ ላይ ሊቀመጥበት ይችላል።

4. ኩኩሉ

በአሁኑ ዘመን ከታወቁት የኢትዮጵያ ጌም ሠሪዎች አንዱ፣ አቶ ዳዊት አብርሃም ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ነው። ይህ ድርጅት በ2018 «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ በዚያው ዓመትም በአፍሪካ ደረጃ ለስልክ ፕሮግራሞች የሚሰጥ ሽልማት አገኘ። በ2022 ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ ጌም ሠሪ ድርጅቶች ጋራ ሆኖ የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን ማኅበር መሠረተ።

ኩኩሉ ከገበሬው እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት። ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የድብብቆሽ ጨዋታ ትዝ ይለዋል፤ ፈላጊው ልጅ እንደ አውራ ዶሮ ሲጮኽ፣ የተደበቁት ገና አለመንጋቱን የሚመልሱበትን ማለታችን ነው። እንግዲህ ስሙ፣ ዶሮዋና ገበሬው የአገር ናቸው። ሕጉ ግን፣ ማለትም ሳያቋርጡ መሮጥ፣ መሰናክል መዝለልና የቻሉትን ያህል ርቆ መሄድ፣ በ2009 ካናባልት፣ በ2011 ቴምፕል ረን በተባሉት ጨዋታዎች አማካይነት በዓለም ላይ የተስፋፋው ዐይነት ነው።

ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም። አዲስ ሙያ የሚጀምር ሰው በታወቀ መንገድ መጀመሩ ጥበብ ነው፤ ተጫዋቹም ሕጉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ለመልመድ አይቸገርም። ነገር ግን ድብብቆሽ ራሱ የሚጠይቀው መጠበቅ፣ ድምፅ መስማት፣ የጎሕን መቅደድ ማወጅ፣ ይህ ሁሉ በሩጫው ሕግ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ስሙ ተላለፈ፤ ሕጉ በመንደር ቀረ።

5. ገበጣና የተጻፈ ሕግ

ቅኔ ጌምስ ገበጣንም በስልክ ለሚጫወቱት አዘጋጅቷል። በዚህ ጊዜ የተወሰደው ስምና ሥዕል ብቻ ስላልሆነ ጉዳዩ ጠለቅ ይላል፤ ገበጣ ሕግ ብቻ ነውና። መሬት ላይ ጥቂት ጉድጓድ ምሶ ጠጠር የያዘ ሰው ገበጣ ይጫወታል፤ ሕጉን ካላወቀ ግን የያዘው ጠጠር ብቻ ነው።

የገበጣ ዕድሜ ረዥም መሆኑ ይታመናል፤ በመጠራና በየሐ የተገኙ፣ ከ6ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የሚገመቱ ቅርሶች ብዙ ጊዜ ለምስክርነት ይጠቀሳሉ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የዚህ ጨዋታ ዐይነቶች መካከል ባለ ሦስት ረድፉ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ መሆኑም ሊስተዋል ይገባል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች መጽሐፍ አሳትሟል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዐይነቶች ሰብስበው በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ከእነዚህ ጥናቶች የምንረዳው ገበጣ አንድ ጨዋታ ሳይሆን የብዙ ጨዋታዎች ቤተ ሰብ መሆኑን ነው። የረድፉ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ የአዟዟሩ አቅጣጫና የአበላሉ ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተር ታሪክ ስንመለስ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። የገበጣ ቤተ ሰብ ወደ ኮምፒዩተር የገባው ዛሬ አይደለም። ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒዮን የተባለ አሜሪካዊ በ1940 ካላህ የሚባለውን ባለ ሁለት ረድፍ ዐይነት አዘጋጅቶ በንግድ አስፋፋው። በ1964 በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ካላህን የሚጫወት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሠራ። በ2002 ደግሞ በአምስተርዳም ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ ከ889 ቢልዮን በላይ የሆኑ አቀማመጦችን በኮምፒዩተር መርምረው፣ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ እኩል እንደሚወጡ አረጋገጡ።

ለምን ካላህ ቀደመ? ካላህ ከኢትዮጵያው ገበጣ የበለጠ ጥልቅ ስለ ሆነ አይደለም። ሕጉ በሳጥን ውስጥ ከሰሌዳው ጋራ ተጽፎ ስለ ተሸጠ ነው። ኮምፒዩተር የተጻፈውን እንጂ በቃል የሚኖረውን አያነብም። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተር ክርክር አያውቅም። ከሚኤሶ ወገን የመጣ ሰውና ከገለምሶ የመጣ ሰው ገበጣ ቢቀመጡ፣ «በየትኛው እንጫወት?» ብለው መስማማት ይችላሉ፤ ይህ ስምምነት የጨዋታው አንድ ክፍል ነው። ጌም ሠሪው ግን ገና አንድም ተጫዋች ሳይቀመጥ ጥያቄውን ሁሉ መወሰን አለበት። የሚወስነውም ተጽፎ ባገኘው ሕግ ነው። እንግዲህ በስልክ የሚማር ልጅ ሲበዛ አንዱ ሕግ ሁሉን ይተካል፤ የቀሩት ደግሞ ማንም ሳይሽራቸው ይሻራሉ።

6. በምዕራብ ሐረርጌ ሊሠራ የሚገባው

ምዕራብ ሐረርጌ ለዚህ ጥናት የተመቸ አገር ነው። ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙበት ቦታ አለ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር መንገድ ሚኤሶን አቋርጦ ያለፈ ሲሆን፣ በ2016 የተመረቀውም አዲሱ መሥመር በዚያው ያልፋል። መንገደኛ ባለበት ጨዋታ ከጨዋታ ይገናኛል። ሕግን በቃል መጠበቅም ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የሆነው ኦዳ ቡልቱም የሚታወቀው በቃል በሚደነገግ ሕግ ነው፤ በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርስቲም በዚሁ ስም ተጠርቷል።

አንዳንድ ሰው «ጌም ሠሪ የቅርስ ጠባቂ አይደለም፤ እንደ ፈቀደ መለወጥ መብቱ ነው» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ባሕልም ራሱ ሲለወጥ የኖረ ነው። ነገር ግን መለወጥ የሚቻለው የሚታወቀውን ነው። አንድ ሕግ ብቻ የሚያውቅ ሠሪ መረጠ አይባልም። ሦስትና አራት ሰዎች ሆነው በጥቂት ገንዘብ የሚሠሩ ወጣቶችም ከአዲስ አበባ ተነሥተው በየወረዳው እየዞሩ ሽማግሌ እንዲጠይቁ መጠበቅ ተገቢ አይመስለንም። ይህ የተማሪ ሥራ ነው።

የሚጠየቀውም ነገር ብዙ አይደለም። ረድፉ ስንት ነው? በያንዳንዱ ጉድጓድ ስንት ጠጠር ይገባል? ጠጠሩ የሚዘራው በየት አቅጣጫ ነው? የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? የሞላው ላይ ሲያርፍስ? መብላት የሚባለው ምን ሲሆን ነው? የተሸነፈው በሁለተኛው ዙር ጉድጓዱን ይነጠቃል ወይስ ይበደራል? ለያንዳንዱ ድርጊት የሚነገረው ቃል በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ ምንድን ነው? ሴቶችና ወንዶች፣ እረኞችና ከተሜዎች የሚጫወቱት አንድ ነው ወይስ ይለያያል? የተሳሳተ ወይም ያታለለ ተጫዋች ምን ይደረጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ጌም ሠሪው ፕሮግራሙን ከመጻፉ በፊት ለራሱ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ የታሪክ ተማሪውና ጌም ሠሪው የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ጭሮ፣ ወደ ሂርና፣ ወደ በዴሳ፣ ወደ መቻራና ወደ ሚኤሶ የሚሄዱ ጓደኞቻችን ከእነዚህ ጥያቄዎች ጥቂቱን እንኳ ከአባቶቻቸውና ከእናቶቻቸው ጠይቀው፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምረው እንዲጽፉልን እንለምናለን። መምህራኖቻችንም የሚሰበሰበው ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለማንኛውም ጌም ሠሪ በነጻ እንዲታይ ቢረዱን መልካም ነው። የፕሮፌሰር ፓንክረስት ጽሑፍ ከወጣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚያን ጊዜ በልጅነታቸው ጠጠር ይዘሩ የነበሩትም ዛሬ አያቶች ናቸው። ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው፤ ጊዜውም አሁን ነው።